በቀቀኗ ያለችበት በር

ኦርሶላ ከነጋ ጀምሮ መቀመጫ አጥታለች። ወንበሩ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ወዲያው ትነሣለች፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ጭጋጉን አይታ ትመለሳለች፤ ጸጉሯን ትፈታዋለች፣ እንደገና ታስረዋለች። ከታች ከትልቁ አዳራሽ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ሠራተኞቹ ሠዓሊዎቹ የቆሙበትን የእንጨት ርብራብ እያፈረሱ ነው። አንድ ሳንቃ መሬት በነካ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ ርብራቡ ፈርሶ ሲያልቅ ሠዓሊው ፔትሮኒዮ ብሩሾቹን ሰብስቦ ከዚህ ቤት ይወጣላ! እሷም ከሰዓት በኋላ የጋብቻ ውሏን ፈርማ፣ ከሠርጉ በኋላ ወደ ፌራራ ትሄዳለች። በቃ፣ ሁለቱም ነገር በአንድ ቀን ሊያልቅ ነው።

«ይሂድ፣ እንኳን ሄደ» አለች መስታወቱ ፊት ቆማ። እንዲህ ያለችበት ድምፅ ግን ራሷንም አላሳመናትም፤ ደግማ ልትለው ብላ ተወችው።

ታሪኩን ዛሬ ለምትጀምሩት ትንሽ ወደኋላ ልመለስ፤ ከመጀመሪያው አብራችሁኝ ያላችሁ ታገሡኝ።

ኦርሶላ የቦሎኛው ባላባት የኮንቴ ሉዶቪኮ አንድያ ልጅ ናት። ኮንቴው ልጃቸውን ለፌራራው መስፍን ለማርኬዜው ሊድሩ ሲያስቡ በመጀመሪያ ያዘዙት የሙሽራ ልብስ አልነበረም፤ ሠርጉ የሚደገስበት አዳራሽ ኮርኒስ እንዲሣል ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ ቦሎኛን የሚያህላት የለም። ድፍኑን ኮርኒስ ሰማይ የሚያስመስሉ፣ በሌለ ዓምድ ላይ የሌለ ሰገነት የሚያቆሙ፣ ሰውን አንጋጦ እስኪያዞረው የሚያታልሉ ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት። የተጠራው ዋና ሠዓሊው ማስትሮ ጋስፓሮ ነበር፤ ሽማግሌ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ንድፉንም መውጣት መውረዱንም ለረዳቱ ለፔትሮኒዮ ተወለት። ችግሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ደስታውም እንደዚያው።

ፔትሮኒዮ የመጀመሪያውን ንድፍ ይዞ የመጣው በጸደይ ነበር። ወረቀቱ ግማሹ አንድ ዓይነት፣ ግማሹ ሌላ ዓይነት ነው፤ በስተግራ የአበባ ጉንጉን፣ በስተቀኝ ክንፋም ሕፃናት። ባለቤቱ አይቶ የወደደውን ይመርጣል፣ የተመረጠው በሁለቱም በኩል ይሣላል። ኮንቴው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ልጃቸውን ምረጪ አሏት። ኦርሶላ ጎንበስ ብላ ማየት ስትጀምር ፔትሮኒዮ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ የኮርኒስ ንድፍ እንደሱ አይታይም» አላት። «ኮርኒሱ ከላይ ነው፣ እርስዎ ከታች ነዎት።»

ከዚያ ወረቀቱን አነሣና ፊቱን ወደ ታች አዙሮ ከራሷ በላይ ዘረጋላት። እንዲህ ሲያዝ ነው ትክክሉ አላት፤ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን የግራው ጫፍ ቀኝ፣ የቀኙ ጫፍ ግራ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው እያለ ሲያስረዳት፣ ከወረቀቱ ላይ የከሰል ብናኝ ቡን ብሎ አፍንጫዋ ላይ አረፈ። እነዚህ ሰዎች ግማሹን ብቻ ይሥላሉ፤ ሌላውን ግማሽ የሚያወጡት ወረቀቱን አጥፈው፣ መስመሩን በመርፌ ወግተው፣ በቀዳዳው ከሰል ነስንሰው ነው። ፔትሮኒዮ መጥረጊያ ፈለገ። የእሱ እጅጌ ከአፍንጫዋ የባሰ ጠቁሯል። «ተወው» አለችው እየሣቀች። እስከ ማታም አልታጠበችውም።

ከዚያ ወዲያማ ኦርሶላ የቀለም አዋቂ ሆና አረፈችው። የሰማዩ ሰማያዊ ትንሽ አልበዛም? የዓምዱ ጥላ ለምን በዚህ በኩል ሆነ? በየቀኑ አንድ ጥያቄ አታጣም። እሱ ዳቦና ሞርታዴላውን በእጁ እንደያዘ ከርብራቡ ጫፍ ተንጠልጥሎ ይመልስላታል። ማስትሮ ጋስፓሮ ጆሮው የሚሰማ ሰው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ደንቆሮ ሆነ። ማርኬዜውን ደግሞ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ክፉ ሰው አይደለም፣ ምን ይዋሻል፤ ግን ከሾርባው እስከ ፍራፍሬው ስለ ረግረግ ማድረቅ ብቻ አውርቷት ሄደ።

ችግሩ አክስት ዶሚቲላ ናቸው። የኮንቴው ታላቅ እህት፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ያዩትንና የሰሙትን ለወንድማቸው ሳያደርሱ እህል የማይወርድላቸው ሴት። ለኦርሶላ የሚላክ ወረቀት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል። ፔትሮኒዮ ከኦርሶላ ጋር ሲሆኑ «በቀቀኗ» ነው የሚላቸው። ስሙ የሁለቱ ብቻ ነበር፤ በሰው መሐል «በቀቀን» የሚል ቃል ከተነሣ ሁለቱም ወለል ወለሉን ያያሉ።

ውሉ ሲቃረብ አብረው ሊጠፉ ተስማሙ። ፓርማ ላይ የቲያትር መጋረጃ የመሣል ሥራ አግኝቷል፤ ያገባች እህቱም እዚያው አለች፤ የሚያጋባ ቄስ አይጠፋም። እሑድ የሠርክ ጸሎት ደወል ሲደወል ቤተሰቡ ከነአገልጋዩ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ያን ጊዜ ከአዳራሹ በሮች በአንደኛው ይገናኛሉ። በየትኛው እንደሆነ ሁኔታውን አይቶ ሊያስታውቃት ነበር የተለያዩት።

አዳራሹ ረጅም ነው። አንድ ጎኑ ሙሉ ለሙሉ ወደ ጎዳናው የሚያይ መስኮት ነው። በአንዱ ጫፍ ወደ ቤቱ ጸሎት ክፍል የሚያስገባ በር አለ፤ በሌላው ጫፍ ወደ አትክልቱ የሚያወርደው ደረጃ በር። ቅዳሜ ዕለት ፔትሮኒዮ «እመቤቴ የሰገነቱን ቀለም ይምረጡ» ብሎ አንድ ትንሽ ንድፍ ላከ። አክስት ዶሚቲላ አገላብጠው አዩት። አንድም ፊደል የለበትም። በአንድ ጠርዝ መስኮቶቹ በትንንሽ ሰረዝ ተመልክተዋል፤ ግራና ቀኙ አንድ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ ብቻ ሰገነቱ ላይ አንዲት በቀቀን ቆማለች። «የምታምር ወፍ» ብለው ሰጧት።

ኦርሶላ በሯን ዘግታ፣ የመስኮቱን ጠርዝ ወደ ጎዳናው አዙራ፣ ልክ እንዳስተማራት ወረቀቱን ከራሷ በላይ ያዘችው። በቀቀኗ በጸሎት ክፍሉ በኩል ናት፤ የሚገናኙት እዚያ በር ላይ ነው ማለት ነው። ደስታዋን የት ታድርገው! ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋችው እሷ ታውቃለች።

እሑድ ራሴን አመመኝ ብላ ቀረች። ደወሉ ሲደወል ጸሎት ክፍሉ ውስጥ ነበረች፤ ትንሽ የልብስ ጥቅል አጠገቧ። ጠበቀች። ተሳስቼ ይሆን ብላ ወረቀቱን ወደ ላይ አንሥታ አየች። ጸሎት ክፍል። ደግማ አየች። አሁንም ጸሎት ክፍል። ከደጅ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ ትላለች፤ ማንም አልመጣም። የመጡት አክስት ዶሚቲላ ናቸው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተመልሶ። ልጅቷን ተንበርክካ አገኟት፤ እግሯ ከድቷት እንጂ ልትጸልይ አልነበረም። ግንባሯ ላይ ጥቁር ነገር አይተው፣ ለጾም መግቢያ አመድ የምንቀባበት ረቡዕ ገና ነው፣ ምን ነካሽ ብለው በመሐረባቸው ጠረጉላት። ለወንድማቸውም ልጅትዋ እንዴት ያለች ጸሎተኛ እንደሆነች ማታውኑ ነገሩ።

ሰኞ ፔትሮኒዮ ከርብራቡ ላይ ቁልቁል አላያትም። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች፤ አልጠየቀም። ፈርቶ ነው አለች። ቀጥላ ድሮም ሲጫወትብኝ ነው አለች። እሱ ደግሞ ፊቱ እንደ ልስን ነጥቶ ቀኑን ሙሉ ምሳ ሳይበላ ዋለ፤ ምን እንዳለው ማንም አላወቀም። ከዚያ በአክስት ዶሚቲላ በኩል መልእክት መጣ፤ እመቤቴ የጉንጉኑን ሪባን ቀለም ምን ላድርገው ይላል። «የፈለገውን ያድርግ፣ እኔ ላየው እዚህ አልኖርም» አለች፣ እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሰምቷል። በዚያው ቀን አባቷ ስለ ጋብቻው ሐሳቧን ሲጠይቋት እርስዎ እንዳሉ አለቻቸው።

ዛሬ፣ በውሉ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ጠሯት።

አዳራሹ ተጠርጓል። ርብራቡ ወርዷል፤ አንድ ረጅም መሰላል ብቻ ቀርቷል፣ በአትክልቱ በር በኩል። እሱም የቀረው በምክንያት ነው። በጸሎት ክፍሉ በር በላይ የኮንቴው ቤተሰብ አርማ ተሥሏል፤ በአትክልቱ በር በላይ ያለው ጋሻ ግን ባዶ ነው። ኦርሶላ ስትፈርም የማርኬዜው አርማ እዚያ ይገባል። አርማውን የሚሥለው ፔትሮኒዮ ነው። መሰላሉ ወገብ ላይ ቀለሙን ይዞ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የእሷን ፊርማ።

ማርኬዜው አልመጣም፤ ዝናቡ የቦዩን ግድብ አፍርሶበት አጎቱን ልኳል። ቀጭን፣ ጨዋ ሽማግሌ ናቸው። ውል አዋዋዩ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛ ይዞ ቀለምና ብዕሩን ደርድሯል። ኮንቴው ግን መጀመሪያ ኮርኒሱ ካልታየልኝ አሉ። ወለሉ መሐል ክብ ነጭ እብነበረድ አለ፤ ከእሱ ላይ ቆሞ ያንጋጠጠ ሰው ዓምዶቹን ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ሲወጡ ያያቸዋል። ከእሱ ፈቀቅ ካሉ ሁሉም ወዳንድ ጎን ያዘነብላሉ፣ ሊወድቁ የደረሱ ይመስላል። እንግዳው ተራቸውን ቆመው አጨበጨቡ። አክስት ዶሚቲላ ቆመው አንገቴን አሉ። ኦርሶላ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

«ነይ እንጂ፣ ላንቺ አይደል የተሠራው» ብለው አባቷ እጇን ይዘው እብነበረዱ ላይ አቆሟት።

ሳትወድ ቀና አለች። የመረጠችው የአበባ ጉንጉን ዙሪያውን ተዘርግቷል። ሪባኑን ቀይ አድርጎታል፤ አንድ ጊዜ ቀይ እንደምትወድ ነግራው ነበር። ይህንን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዳይወርድባት ብላ አንገቷን ይበልጥ ወደኋላ ዘንበል አደረገችና ወደ አትክልቱ በር ተመለከተች። ሰገነቱ ላይ፣ ከባዶው ጋሻ በላይ፣ አረንጓዴ በቀቀን ቆማለች።

መጀመሪያ ተናደደች። በእኔ ላይ ይቀልዳል አለች። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ቆረቆራት። በቀቀኗ እኮ እዚያ አይደለችም። ጸሎት ክፍሉ በኩል ነበረች። ወደ ጸሎት ክፍሉ በር ዞረች፤ በዚያኛው ሰገነት ላይ ምንም የለም። እንደገና ወደ አትክልቱ ዞረች።

«ምን ጠፋብሽ?» አሏት አክስቷ።

መሐረቤን ረሳሁ ብላ ወጣች። ደረጃውን ቀሚሷን ሰብስባ በሩጫ ነው የወጣችው፤ እንግዳ ፊት እንዲህ አይሮጥም፣ ታውቀዋለች። ያንን ወረቀት ብዙ ጊዜ ልታቃጥለው ምድጃ ድረስ ወስዳ መልሳዋለች። ከሣጥኗ ሥር አወጣችውና እያለከለከች ተመለሰች። ለማንም ምንም ሳትናገር እብነበረዱ ላይ ቆመች። የመስኮቱን ጠርዝ ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ወረቀቱን ከራሷ በላይ አነሣችው፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ኮርኒሱን ታያለች። ዓምዱ ከዓምዱ፣ ሰገነቱ ከሰገነቱ ይገጥማል። የማትገጥመው በቀቀኗ ብቻ ናት።

የከሰሉ ብናኝ በግንባሯ፣ በጉንጯ፣ በነጩ የሐር አንገትጌዋ ላይ ወረደ። እንግዳው ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ማየት ያልፈለጉ ይመስላሉ።

«ማስትሮ ፔትሮኒዮ» አለች። «ይህችን ወፍ ንድፉ ላይ በጸሎት ክፍሉ በኩል ነው ያደረጓት። ኮርኒሱ ላይ ለምን ወደ አትክልቱ ወሰዷት?»

ኮንቴው ደስ አላቸው። ልጃቸው ሥራ ስትቆጣጠር አይተዋት አያውቁም። ይኸውላችሁ፣ የእኔ ልጅ እንዲህ ናት፣ ማንም አያታልላትም እያሉ ለእንግዳው ነገሯቸው።

ፔትሮኒዮ መሰላሉ ላይ ሆኖ ወፏንም ወረቀቱንም አላየም። የሚያየው ፊቷን ነው፤ ከሰሉን። ብሩሹ ከእጁ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«እመቤቴ» አለ በመጨረሻ፣ «ያንን ወረቀት ሲያዩት... እንዴት አድርገው ነው ያዩት?»

«አሁን እንደማየው።»

«ጠረጴዛ ላይ አይደለም?»

«ኮርኒስ ጠረጴዛ ላይ አይታይም። ያስተማረኝ ሰው እንደዚያ ብሎኛል።»

ለሌሎቹ የሠራተኛና የእመቤት ክርክር ነው፤ ማስትሮ ጋስፓሮ ብቻ ጥግ ካለበት ወንበር ላይ ዓይኑን ገልጧል።

«ያስተማረዎት ሰው» አለ ፔትሮኒዮ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ማስተማሩን እንጂ ተማሪዋ ትይዘዋለች ብሎ አላሰበም። ሰው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ነው የሚያየው። እንዳይቸግራት፣ እንዳትሳሳት ብሎ ለእሷ ሲል ገልብጦ ሣለላት። በዕድሜው ንድፍ ገልብጦ ሲሥል የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በአትክልቱ በር ቆሞ ጠበቀ። ቤተሰቡ ከጸሎት እስኪመለስ ጠበቀ። አልመጣችም። የተወችው መሰለው። በቀቀኗንም እዚያው፣ በቆመበት በር ላይ ሣላት፤ ሌላ ማስታወሻ የለውም።»

ኦርሶላ ወረቀቱን ከራሷ ላይ አላወረደችም። ያን እሑድ ከአዳራሹ ወዲህ እሷ፣ ከአዳራሹ ወዲያ እሱ። በመሐላቸው አንድ ባዶ ክፍል ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ብትጣራ ይሰማት ነበር።

«እሷ ደግሞ» አለች፣ «እሱ እንደሚያየው ልየው ብላ ነው እንጂ ጠረጴዛማ አጠገቧ ነበር።»

ለእሷ ብሎ በእሷ መንገድ ሣለ፤ ለእሱ ብላ በእሱ መንገድ አነበበች። ጠላት አላጣላቸውም፣ ሰው አላሳበቀባቸውም። ከመዋደድ ብዛት ነው የተላለፉት። ያንን ሁሉ ቀን ስትረግመው የከረመችው ሰው ልቧ ውስጥ እንደገና ሲገባ ተሰማት፤ አመማትም ደስም አላት፤ እንባዋ በከሰሉ ላይ ወረደ።

«ኧረ ይህ ሁሉ ለአንዲት ወፍ ነው?» አሉ ኮንቴው እየተገረሙ። «አንተ ልጅ፣ የተስማማንበት ንድፍ ላይ ጸሎት ክፍሉ በኩል ከሆነች፣ አጥፋና ወደዚያ አዛውራት።»

«አትዛወርም፣ አባቴ» አለች ኦርሶላ። «ወፏ ቦታዋ ላይ ናት። የተሳሳተ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ኮንቴው አልገባቸውም። አክስት ዶሚቲላ ግን ቀስ ብለው ወደ ላይ አዩ፣ ወደ አረንጓዴዋ ወፍ፤ ከዚያ የልጅቷን ጥቁር ግንባር አዩ፤ ከዚያ እጃቸው ውስጥ ያለውን መሐረብ። እሑድ የጠረጉበት መሐረብ ነው፤ ጥቁሩ ታጥቦ አልለቀቀም።

ውል አዋዋዩ ነገሩ ያለቀ መስሎት ብዕሩን ቀለም ነክሮ ዘረጋላት። ኦርሶላ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«አልፈርምም» አለች።

አባቷ ያሉትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ገዳም እንደሚያስገቧት አሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም አሉ፤ የእናቷን አጥንት ጠሩ። ለእንግዳው ይቅርታ ጠየቁ፣ መልሰው በእሷ ላይ ጮኹ። እሷ ቆማ ሰማች። አባቷን ትወዳለች፤ እያንዳንዱ ቃል ገብቶባታል። ሰውነቷ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ አልቀመጥ ያለው ለምን እንደሆነ ግን አሁን አወቀችው። መሄድ ነበር የፈለገው። የሚሄድበትን በር ነበር ያጣው።

ከእብነበረዱ ላይ ወረደች። ከዚያ ቦታ ለሚወርድ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው ዓምዶቹ ከላይ ማዘንበል ጀምረው ይሆናል፤ ቀና ብላ አላየችም። በአዳራሹ ርዝመት ወደ አትክልቱ በር ሄደች። ኮንቴው አንድ ሰው እንዲይዛት ተጣሩ።

«ሉዶቪኮ፣ ተዋት» አሉ አክስት ዶሚቲላ። በወንድማቸው መንገድ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እሳቸውን ሳያስነሡ ማለፍ አይቻልም። «እሑድ ጸለየች ብዬ አሞግሼልህ ነበር። ለካ ሰው ስትጠብቅ ነው። አይቻት ነበር እኮ፤ ፊቷን አይቼው ነበር።» ቀጥለውም ለራሳቸው ያህል፣ «ወፏስ እኔ መሆኔ ነው» አሉ።

ኦርሶላ በሩ ጋ ደረሰች። ከባዶው ጋሻ ሥር፣ ከበቀቀኗ ሥር ቆመች፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ። አልከፈተችውም። ከኋላዋ አባቷ ይናገራሉ፤ ውል አዋዋዩ ወረቀቱን ይሰበስባል፤ ከሩቅ የሠርክ ጸሎት ደወል መደወል ጀምሯል። ይምጣ አይምጣ አታውቅም። ሰው ፊት መውረዱ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ በዚህ ከተማ ከእንግዲህ ማንም ኮርኒስ አይሰጠውም። ዞራ ብታየው የምታስገድደው መሰላትና አልዞረችም። ጠበቀች። እሑድ የጠበቀችው መጠበቅና ይህ አንድ አልነበረም፤ ያኔ በሩን ስታይ ፍርሃት ነበር የያዛት፣ አሁን ግን ቦታው ትክክል መሆኑን ታውቃለች።

መሰላሉ ሲጥ አለ። አንድ እግር ወረደ፣ ሌላ እግር። ከዚያ ወለሉ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ቀረበ፣ አጠገቧ ደርሶ ቆመ። የቀለምና የእርጥብ ልስን ሽታው ከእሱ በፊት ነው የደረሳት። ፊቷ በከሰልና በእንባ ተለውሷል፤ እንዲህ ሆና ልታገኘው አስባ አታውቅም፤ ግን አልጠረገችውም።

«ቆየህብኝ» አለችው፣ በሩን እያየች።

ፔትሮኒዮ እጁን ወደ በሩ መዝጊያ ዘረጋ። በዚህ ቤት ውስጥ ሰው እየሰማው ከ«እመቤቴ» እና ከ«እርስዎ» ሌላ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

«አንቺም» አላት።